አቋራጭ አድራሻ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ



ከጉና ሥር ወደ ደብረ ታቦር ገበያ የሚመጣ ገበሬ ዋናውን መንገድ ትቶ አቋራጩን የሚይዘው፥ የት እንደሚያወጣው ስለሚያውቅ ነው። አገሩን የማያውቅ እንግዳም ጠይቆ ይሄዳል። በኢንተርኔት ያለውን አቋራጭ ግን ሁላችንም ሳንጠይቅ እንሄድበታለን። ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ በዚህ መጽሔት ለመግለጽ እወዳለሁ።

አቋራጭ አድራሻ ወይም አጭር ሊንክ ማለት ረጅሙን የድረ ገጽ አድራሻ በጥቂት ፊደላት የሚተካ ነው። ስንጫነው በመጀመሪያ የምንደርሰው ከአሳጣሪው ድርጅት ዘንድ ነው፤ እርሱም መዝገቡን አይቶ ወደ እውነተኛው ቦታ ይመራናል።

ከቀደሙት አሳጣሪዎች አንዱ፥ ኬቪን ጊልበርትሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተው ቲኒ ዩ አር ኤል ነው። በኋላም ትዊተር አንድ መልእክት ከ140 ፊደል እንዳይበልጥ በመወሰኑ ለረጅም አድራሻ ቦታ ጠፋ፤ አሳጣሪዎችም በዙ፥ ውድድሩም በረታ። በ2009 ትዊተር ቲኒ ዩ አር ኤልን ትቶ ቢትሊን መረጠ። በዚያው ዓመት ትሪም የተባለው ተወዳዳሪ ሥራው ገቢ የለውም ብሎ ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን አሳቡን ለወጠ። ጎግልም የራሱን አሳጣሪ አወጣ። በመጨረሻም ትዊተር ራሱ ቲ ኮ የተባለውን አቁሞ በገጹ የሚለጠፈውን አድራሻ ሁሉ በዚያ በኩል ማሳለፍ ጀመረ፤ ባለ ገበያው ራሱ ነጋዴ ሆነ ማለት ነው።

በነፃ ለሚሰጥ ነገር ይህን ያህል መሽቀዳደም ለምንድር ነው? ቢባል፥ አሳጣሪው በበሩ የሚያልፈውን ሰው ስለሚቈጥር ነው። ስንት ሰው፥ መቼና ከየት አገር እንደ ተጫነ ማወቅ ለንግድ ቤቶች የሚሸጥ ዕውቀት ነው።

አጭር አድራሻ ጥቅም የለውም አልልም። መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍልን፥ ረጅሙን ስንገለብጥ አንዲት ፊደል ብንስት ልፋታችን ከንቱ ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ጉዳቶች አሉት።

አንደኛው፥ ነጋዴው ሱቁን ሲዘጋ መንገዱም አብሮ መዘጋቱ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አድራሻ ማሳጠሩን አቆመ፤ በ2024ም የቀሩት ሁሉ ነሐሴ 25 ቀን 2025 ሥራቸውን እንደሚያቆሙ አስታወቀ። ቀኑ ሲቃረብ፥ ሰው የሚጠቀምባቸው እንዲቆዩ ፈቀደ። በመጻሕፍትና በደብተር የሰፈረው ሁሉ በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፥ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም የጻፈ ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ አጭሩን ሊንክ ብቻ የጻፈው ግን በእጁ የቀረው ትርጉም የሌለው የፊደል ጥርቅም ነው።

ሁለተኛው፥ አጭር አድራሻ የባለቤቱን ስም መሸፈኑ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን «ውጤታችሁን እዚህ ተመልከቱ» የሚሉ አጫጭር ሊንኮች በቴሌግራም ይዘዋወራሉ። ረጅሙ አድራሻ ቢታይ የፈተናዎች አገልግሎት ይሁን አይሁን ከስሙ እንለይ ነበር። ልቡ የተሰቀለ ተማሪ ግን ተጭኖ፥ ስልክ ቍጥሩንና የፈተና መለያውን ለማያውቀው ሰው ያስረክባል። ወላጆችም ለኢንተርኔት የከፈሉት ገንዘብ ለማስታወቂያ ማያ ይውላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መምህሮቻችን አጭሩን ሲሰጡን ከጎኑ የጽሑፉን ርእስ፥ የደራሲውን ስምና ሙሉውን አድራሻ እንዲጽፉልን በትሕትና እለምናለሁ። ጓደኞቼም የምታስተላልፉት ሊንክ ወዴት እንደሚወስድ ሳታረጋግጡ ለሌላ አታስተላልፉ፤ በቢትሊ አድራሻ መጨረሻ ላይ የመደመር ምልክት ቢጨመር መድረሻውን አስቀድሞ ያሳያል። የዚህ መጽሔት አዘጋጆችም ሙሉ አድራሻ ብቻ ቢያትሙ መልካም ነው፤ መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ወጥቶ ለታናናሾቻችን የሚቀመጥ ነውና።

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ይላሉ። አሥር ፊደል ለመቈጠብ ስንል የምንሄድበትን ቤት ስም ማጣት የለብንም።