«ልዩ ልዩ» የምትባለው ተራ ቁጥር

በስብሰባ ጥሪ ወረቀት ላይ ከሁሉ በታች «ልዩ ልዩ» የምትል ተራ ቁጥር አለች። ብዙ ሰው ንቆ ያልፋታል፤ እኔ በበኩሌ እፈራታለሁ።

አባቴ አባል በሆነበት፣ በይርጋጨፌ ወረዳ በሚገኝ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከኋላ ቆሜ አዳምጬ ነበር። አጀንዳው ሰባት ነው። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ፤ ሪፖርት ቀረበ፤ ቀጥሎም የሪፖርቱ ማብራሪያ መጣ (ማብራሪያ የሚያሻው ሪፖርት ለምን እንደ ተጻፈ አልገባኝም)። ገበሬው ከጥዋት ጀምሮ የጠበቀው የእሸት ቡና መግዣ ዋጋ ግን በሰባተኛው፣ በ«ልዩ ልዩ» ውስጥ ተሸሽጎ ኖሯል። እዚያ እስኪደረስ ዝናብ አንዣበበና ከግማሽ የሚበልጠው ሰው ሄደ። የቀሩት እጅ አወጡ፤ ጸደቀ ተባለ።

የኅብረት ሥራ ሕግ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ዕጣ ያበዛ ድምፅ አያበዛም። ይሁን እንጂ አጀንዳውን የሚጽፈው ሰው ብቻውን የብዙ ሰው ድምፅ በእጁ ይዟል። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የብዙ መሠረታዊ ማኅበራት ጥምረት ስለ ሆነ፣ ከታች በሚገባ ያልተመከረበት ጉዳይ ከላይ ቦርዱ ዘንድ ሲደርስ ምን ጉልበት ይኖረዋል?

ስለዚህ የሚወሰነው ነገር አንደኛ ይሁን። «ስለ ዋጋ» ተብሎ በደፈናው ሳይሆን «ለአንድ ኪሎ እሸት ስንት እንክፈል? ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» ተብሎ ይጻፍ። «ሪፖርት ሳይሰማ እንዴት ይወሰናል?» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። እንግዲያውስ ሪፖርቱ ከሳምንት በፊት ይታደል፤ ማንበብ ለማይችለውም በየመንደሩ በጌዴኦኛ ይነገረው። ጊዜውም ቡናው ሳይቀላ በፊት ይሁን፤ የተለቀመ እሸት በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይበላሻልና ሁለተኛ ስብሰባ አይጠብቅም። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ሲቀመጡ የታተመ አጀንዳ የላቸውም፤ ምን ጉዳይ እንዳስቀመጣቸው ግን ያውቃሉ።

የተማሪዎች ስብሰባም ቢሆን ከዚህ አይሻልም፤ የምግብ ቤቱ ነገር የሚነሣው ሁሉም ደብተሩን ሰብስቦ ሲነሣ ነው። ከመካከላችን ነገ የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ሆነው ወደ ገጠር የሚወርዱ አሉ። የጥሪውን ወረቀት ጻፉ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሊቀ መንበሩም የአምናውን ወረቀት አውጥቶ «ቀኑን ብቻ ለውጠህ ገልብጠው» ይላቸዋል።