«ሽሮፑ አስቀመጣቸው፣ ጣልነው»

ከጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ስምሽን እንዳላወጣ አደራ ብለሻል፤ አላወጣም። ተራ ግን አላስጠበቅሁሽም፤ ነገሩ የሚቆይ አይደለም።

የጉበት ጠባሳ፣ ሐኪሞቹ ሲሮሲስ የሚሉት፣ ያለባቸው አባትሽ ቀን ተኝተው ይውሉና ሌሊት እየተነሱ ይቀባጥራሉ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል። እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፋቸው እንደ ክንፍ ይርገበገባል። ጎረቤት «ለክፏቸው ነው» ሲል እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወሰዳችኋቸው። ሐኪም ያዘዘላቸውን ጣፋጭ ሽሮፕ ደግሞ «አስቀመጣቸው» ብላችሁ ጣላችሁት።

እህቴ፣ ማስቀመጡ እኮ ነው ሥራው!

አንጀት ውስጥ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጠራል። ደህና ጉበት ያጣራዋል፤ በጠባሳ የተሞላ ጉበት ግን ያሳልፈውና አንጎል ይደርሳል። አባትሽን የሚያስቀባጥራቸው ይኸው ነው። ሽሮፑ ላክቱሎስ ይባላል፤ ለዚህ ሕመም መሰጠት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሞኒያውን አንጀት ውስጥ ይዞ በሰገራ ያስወጣዋል። ልኩ በማንኪያ ብቻ አይታወቅም። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስለስ ብሎ ከወጣቸው በቂ ነው። ካነሰ ሐኪሙ ይጨምርላቸዋል፤ እንደ ውኃ ከወረደ ይቀንስላቸዋል እንጂ አይጣልም። ውኃቸው ካለቀ መልሶ ያደነዝዛቸዋልና። ነውር ነው ሳትይ ስንቴ እንደወጡ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪ።

ሽሮፑን እየወሰዱም ከተመለሰባቸው ሪፋክሲሚን የሚባል ኪኒን ይደረብላቸዋል። አሞኒያ የሚያመርቱትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ያዳክማል። ዋጋው ይከብዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሽሮፑ በአግባቡ ይወሰድ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ «እንዲተኙልን ሁለት ሌሊት የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠናቸው» ያልሽው ነው። እንዳትደግሚው! ዳያዚፓምና መሰሎቹ እንዲህ ያለውን ሰው ኮማ ውስጥ ሊከቱት ይችላሉ።

ሥጋና ወተት መከልከልሽ የድሮ ምክር ነው፤ ሐኪሞችም ራሳቸው ይሉት ነበር፣ ዛሬ ትተውታል። ጡንቻም አሞኒያ በማስወገድ ጉበትን ያግዛል፤ ስለዚህ መክሳት የለባቸውም። ሽሮውንም፣ ምስሩንም፣ እርጎውንም ይብሉ፤ ማታ ከመተኛታቸው በፊትም ጥቂት ይቅመሱ። አረቄ ግን ጠብታም አይቀመስም።

ጸበሉን ተዪ አልልሽም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን ሽሮፑ አይቋረጥ፣ በባዶ ሆድም አይዋሉ።

ደግሞ እንዲህ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፦ የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ ሆድ ውስጥ የሚደማ ነገር። ይህን በቤት የሚለይ የለም። አሁን እየቀባጠሩ ከሆነ የኔን ሁለተኛ መልስ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ያለበት ትውከት ካየሽ፣ ካተኮሳቸው፣ ወይ ስትቀሰቅሻቸው አልነቃ ካሉሽ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ጳውሎስ ሆስፒታል እዚያው ክፍለ ከተማችሁ ውስጥ ነው። ያለቀውን የሽሮፕ ጠርሙስና ኪኒኑን ይዘሽ ሂጂ፤ ምን እንደወሰዱ ይጠይቁሻል።