ኩቢት መቁጠር ብቻ ምን ያደርጋል?

ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ሲወራ ሁሌ የሚቆጠረው ኩቢት ነው። ለእኔ ግን ከባዱ ሥራ ኩቢቶቹን ማገናኘትና፣ ካስፈለገም ዝም ማሰኘት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የየል ተመራማሪዎች በአንድ ቺፕ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ሱፐርኮንዳክቲንግ ኩቢቶችን በማይክሮዌቭ ሬዞኔተር አገናኙ። ጥሩ፤ ግን ግንኙነቱ ባልተፈለገ ሰዓት ካልጠፋ ስሌቱ ይበላሻል። የጉግል ሲካሞር በ2019 ሲሞከር ለ53 ኩቢቶች 86 ማገናኛዎች ሠርተዋል። የማገናኛው ፍሪኩዌንሲ ሲስተካከል፣ ኩቢቶቹ በቀጥታ የሚያደርጉት መስተጋብርና በማገናኛው በኩል የሚመጣው እርስ በርስ ይጣፋሉ። ይሄ እኮ የካፓሲተርና የኢንዳክተር ሒሳብ ነው! እኛ የፊዚክስ ተማሪዎች ግን ሰርኪዩትን «የኢንጂነሮች ነው» ብለን እንሸሻለን። እኔ በሚቀጥለው ሴሚስተር ልመዘገብ ነው፤ ማን አብሮኝ ይገባል?