ግድብ ሲያረጅ ማን ይጠብቀዋል?

ደብረ ታቦር፦ ከጉና ተራራ የሚነሳው የርብ ወንዝ ወደ ጣና ሲወርድ 73 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ይጠብቀዋል። ግድቡ እስከ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መያዝ እንዲችል ሆኖ የተገነባ ሲሆን፣ ከበታቹ የፎገራና የሊቦ ከምከም አርሶ አደሮች ማሳ ተዘርግቷል። ርብ ገና ወጣት ግድብ ነው። ይሁን እንጂ ግድብ ማርጀት የሚጀምረው ውሃ መያዝ ከጀመረበት ክረምት አንስቶ ነው።

የእርጅናን መልክ ለማየት ቆቃን መመልከት ይበቃል። ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ይህ ግድብ ለኤሌክትሪክ ኃይል ታስቦ ቢሠራም፣ ሐይቁ ከጊዜ በኋላ የጀልባና የዓሣ መዝናኛ ሆኗል። ዳር ተቀምጦ ለሚዝናና እንግዳ ውሃው ዛሬም ሰፊ ነው። ከሥር ግን ከላይኛው አዋሽ ማሳዎች የታጠበው አፈር የሐይቁን ሆድ አጥብቦታል። ደለል የያዘውን ስፍራ ጎርፍ ሊያርፍበት አይችልም፤ ክረምቱ ሲበረታ ውሃው ይለቀቃል፣ የታችኛው አርሶ አደርም ማሳ ይጥለቀለቃል።

ለመዝናኛ የዋለ ግድብ ቸል ሲባል ምን እንደሚከተል አሜሪካ በ1881 ዓ.ም. አይታለች። በፔንሲልቬኒያ የሚገኘውን የሳውዝ ፎርክ አሮጌ ግድብ የባለጸጎች የዓሣ ማጥመጃ ማኅበር ይዞት ነበር። የውሃ ማስወጫ ቱቦዎቹ ቀደም ሲል ተነቅለው አልተተኩም። ዓሣው እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ የተደረገው ወንፊትም በቆሻሻ ተደፈነ። ከባድ ዝናብ በጣለ ዕለት ግድቡ ተደርምሶ 2 ሺህ 209 ሰዎች አለቁ። በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. በሊቢያ ደርና ከተማ የተደረመሱት ሁለት ግድቦችም ጥገና የተነፈጋቸው ነበሩ፤ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ቀጥፈዋል።

በሁለቱም አገር ዝናቡ ሰበብ ሆነ እንጂ ጉዳቱ ከዓመታት በፊት ተዘርቶ ነበር።

ጥበቃው ረቂቅ አይደለም። ማስተንፈሻው ከክረምት በፊት ይጠረጋል። በአፈር ግድብ ላይ ዛፍ አይበቅልም፤ ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታልና። አይጥና ጃርት የቆፈሩት ጉድጓድ ይደፈናል። ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ስርገት ጥርት ያለ ከሆነ መጠኑን መከታተል ይገባል፤ ከደፈረሰ ግን አፈሩ ከውስጥ እየታጠበ ነውና ለባለሙያ ማሳወቅ ለነገ የሚባል አይደለም። ይህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚቆፈር አነስተኛ ክትርም ይሠራል።

የግድብ ዕድሜ የሚወሰነው ግን ከግድቡ በላይ ባለው መሬት ነው። በጉና ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከንና የሚተከል ሣር የላይኛውን ማሳ አፈር ያስቀራል፣ የታችኛውን ቤት ከጎርፍ ያድናል። ስለዚህ በበጋው የተፋሰስ ሥራ የሚወጣው ጉልበት የግድቡም ጥገና ነው። የግድቡን አካል የመፈተሽ ኃላፊነት ደግሞ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው፤ የፍተሻው ውጤት ከግድቡ በታች ለሚኖረው ሕዝብ ክረምት ሳይገባ ሊነገረው ይገባል።