አሰልቺው አስጎብኚ

«በ28 ዓመቴ ስፓኒሽ ብጀምር ይሳካልኛል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽን እህታችን፤ እስቲ የራሴን ጉድ ላጫውትሽ።

ላሊበላ ውስጥ የአስጎብኚ ረዳት ሆኜ እንጀራ ስፈልግ ነው። ሁለት ስፔናውያንን ይዤ ወደ አሸተን ማርያም ወጣሁ። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ዳገት! እነሱ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል «ሶይ ካንሳዶ» አልኩ፤ ደክሞኛል ማለቴ ነው። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ግን ሌላ ልጅ ይዘው ሄዱ።

በሳምንቱ የሰዋስው መጽሐፌን ስገልጥ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ለካ ያልኩት «አሰልቺ ሰው ነኝ» ኖሯል! «ኤስቶይ ካንሳዶ» ነበር የሚባለው (አንቺ «ካንሳዳ» ነው የምትዪው)። እኛ ብዙውን በ«ነው» የምንገላገለውን እነሱ ለሁለት ከፍለውታል፤ ማንነትና ሙያ በ«ሴር»፣ ያሉበት ሁኔታና ቦታ በ«ኤስታር»።

ደግነቱ ግማሹን ከቤትሽ ታውቂዋለሽ። «እናገራለሁ» ስትዪ «እኔ» እንደማያስፈልግሽ ሁሉ እነሱም «አብሎ» ብለው ያልፋሉ። ለትልቅ ሰው «ኡስቴድ» አላቸው፤ የኛው «እርስዎ» ማለት ነው።

ሰንጠረዡን አጥኚ፤ ግን በዚያው ቀን ለሰው ተናገሪው። ሲስቁብሽ «ኬ ኤ ዲቾ?» በይ፤ «ምን አልኩ?» ማለት ነው። እኔ አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁ።