ክፍያው ሲያበቃ እርከኑ እንዲዘልቅ

የጉና ተራራ ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈሱት የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው። ከግርጌው አንስቶ ወደ ምሥራቅ እስከ በሽሎ ሸለቆ የሚዘልቀው የእስቴ፣ የጋይንትና የስማዳ ምድር ግን ለም አፈሩን ለዘመናት በጎርፍ ሲነጠቅ ኖሯል። የመሬቱ ተዳፋትነት፣ የማሳ መጥበብ፣ የደን መመናመንና ልቅ ግጦሽ ተደማምረው አካባቢውን ለተደጋጋሚ የምግብ እጥረት ዳርገውታል።

ይህንኑ ችግር ለመቅረፍ መንግሥት ከለጋሾች ጋር በመተባበር በ1997 ዓ.ም የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምን መጀመሩ ይታወሳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ፕሮግራሙ ካቀፋቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። በአሠራሩ መሠረት መሥራት የሚችል ድሃ ቤተሰብ በእርከን፣ በክትርና በችግኝ ተከላ ተሰማርቶ ክፍያ ያገኛል፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣቸዋል።

ፕሮግራሙ ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ ግራም እህል ሲሆን፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀናት ይታሰቡ ነበር። በዚህ ስሌት አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ በወር 150 ብር ወይም 75 ኪሎ ግራም እህል ያገኝ ነበር። ክፍያው ከዚያ በኋላ በየጊዜው ተሻሽሏል። መጠኑ አነስተኛ ቢመስልም አርሶ አደሩ በሬውን ሳይሸጥ ክረምቱን እንዲሻገር የሚያስችል ነው። ክፍያው ሲዘገይ ግን ዓላማው ይስታል፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ በእርከን ያዳነውን አፈር የሚያርስበት አቅም ያጣልና።

በሌሎች አገሮች ለአፈር ጥበቃ የሚሰጠው ድጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከማሳው ጋር የተያያዘ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተዳፋት ማሳቸውን ወደ ደንና ሣር ለመለሱ ገበሬዎች እህልና ገንዘብ ከፍላለች። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ክፍያው የተመሠረተውም በድሃው ጉልበት ላይ ነው። የራስን ማሳ መንከባከብ ደግሞ የባለ ይዞታው ግዴታ መሆኑን የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይደነግጋል።

ሊጤን የሚገባው ጉዳይ የሚነሳው ከዚህ ነው። ክፍያው የሚቆጥረው የተሠራበትን ቀን እንጂ እርከኑ የሚቆይበትን ዘመን አይደለም። በጠባብ ማሳ ላይ የተሠራ እርከን ከሚታረሰው መሬት የተወሰነውን ይወስዳል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ዓመታት ቆይቶ ነው። በአንድ ተፋሰስ ውስጥም አንዱ ጎረቤት በክፍያ፣ ሌላው በነጻ የጉልበት ዘመቻ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱም ከተራራው የሚያገኙት ድርሻ በግልጽ ካልታወቀ የጥገናው ጉዳይ ባለቤት ያጣል።

ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ከ1972 ዓ.ም ጀምሮ በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ ብዙ ተራራም ተከልሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ወቅት ግን በበርካታ ቦታዎች እርከኑ ፈረሰ፤ ደኑም ተጨፈጨፈ። ሥራው የገበሬው ቢሆንም ንብረቱን የራሱ አድርጎ አላየውም ነበር።

በመሆኑም የክፍያው ከፊል ለአዲስ እርከን ብቻ ሳይሆን ለነባሩ ጥገና ቢውል፣ ገንዘቡም ከእርሻ ወቅት በፊት ቢደርስ ውጤቱ የጸና ይሆናል። ከሁሉም በላይ ተከልለው ያገገሙ ተራሮች ሣር፣ ማርና እንጨት ለለፋባቸው ኅብረተሰብና መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በተጻፈ ውል ሊደርስ ይገባል። የቀን ክፍያ የዕለት ችግርን ይሸፍናል። የጋይንትንና የስማዳን አፈር በቦታው የሚያጸናው ግን ገበሬው ከተራራው የሚያገኘው የዘለቄታ ጥቅም መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።