«አርፈህ ተማር» ስለሚባለው ምክር

ወላጅ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚሸኝበት ቀን ከስንቁና ከብርድ ልብሱ ጋራ አንድ ምክር ያስይዘዋል። ይኸውም «ልጄ፣ አርፈህ ተማር፤ በማንም ነገር አትግባ፤ ወረቀትህን ይዘህ ና» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ማንም አይነቅፈውም። እኔ ግን ጕልማሳነቴን በማስተማር ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ይህ ምክር ልጆቻችንን ከአደጋ ያድናቸዋል ስንል ለባሰ አደጋ አሳልፎ የሚሰጣቸው መሆኑን በግልጥ ለመናገር እወዳለሁ።

የወላጆች ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም አስከሬኑን ከበው ባለቀሱት ተማሪዎች ላይ በስድስት ኪሎ ተተኰሰ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ስንት እናት የልጇን ሬሳ በመንገድ ዳር እንዳገኘች እኔና እኩዮቼ በልጅነታችን ያየነው ነው። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነጻ ማኅበርና ጋዜጣ እንዲኖራቸው፣ ፖሊስም ከግቢያቸው እንዲወጣ በጠየቁ ጊዜ በተነሣው ሁከት ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ሰበብ በተነሣ ጠብ ለትምህርት የተላኩ ልጆች በሬሳ ሣጥን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህን ያየ ወላጅ ቢፈራ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ፍርሃት በቂ ምክንያት ስላለው ብቻ ጥሩ መካሪ አይሆንም። ጨዋው ልጅ አርፎ በተማረ ጊዜ የተማሪዎች ኅብረት ወንበር ባዶውን አያድርም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» እንደ ተባለው፣ ሌላው መጥቶ ይቀመጥበታል። የሚቀመጠውም ማን ነው? አንዱ ማኅተሙንና የባለሥልጣን ትውውቁን የሚሻ ነው። ሁለተኛው ጓደኞቹን በእውቀታቸው ሳይሆን በትውልድ ቦታቸው የሚቈጥር ነው። ሦስተኛው ራሱ ከኋላ ሆኖ ሌላውን «ድንጋይ አንሣ» የሚል ነው። ስለዚህ «በነገር አትግባ» የተባለው ልጅ ከነገሩ አልዳነም፤ ነገሩን የሚመሩለት እነዚህ ሆኑ እንጂ።

ብዙ ሰዎች «ያ ትውልድ ያለቀው በነገር ስለ ገባ ነው» ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ በሄዱ ጊዜ የጠየቁት ለራሳቸው እንጀራ አልነበረም። ከዚያው ዓመት ጀምሮም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኛዎቹ በአስተማሪነት፣ ያገለግሉ ስለ ነበር የባላገሩን ኑሮ በዓይናቸው አይተዋል። የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ የታወጀው ከዚያ ሰልፍ ዐሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው።

ጥፋቱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ሥልጣን ይዞ ልጆቹን የገደለው መንግሥት የመጀመሪያውን ኃላፊነት ይሸከማል። ነገር ግን በአንድ ግቢ በልተው፣ በአንድ ማኅበር ተከራክረው ያደጉ ወንድማማቾች፣ እኩሌቶቹ ኢሕአፓ፣ እኩሌቶቹ መኢሶን ሆነው፣ የሐሳብን ልዩነት እንደ ክሕደት ቈጥረው እርስ በርሳቸው መጠፋፋታቸው ሊካድ አይችልም። እነዚያ ወጣቶች መናገርን ተምረው ነበር፤ መሸነፍን ግን አልተማሩም። ስለ ሐሳባቸው መሞትን ያውቁ ነበር፤ በድምፅ ተበልጦ ወደ ማደሪያ ገብቶ መተኛትን ግን አያውቁም ነበር።

ታዲያ ከዚህ የምንማረው ዝም ማለትን ነውን? «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ሳይከፈትና ሳይናፈስ የቈየ ጎተራ ግን ይነቅዛል። የምንማረው እነሱ የጐደላቸውን መልመድ ነው። ይህም ልምድ በአርባ ዓመት፣ መሥሪያ ቤት ወይም ወረዳ ከተያዘ በኋላ አይጀመርም። የሚጀመረው ውሃ በተቋረጠበት ማደሪያ ነው፤ አገሩን ለቆ በማያውቀው ከተማ በሌሊት ከአውቶቡስ የወረደውን አዲስ ተማሪ በመቀበል ነው፤ ሒሳብ የከበደውን በማስጠናት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ማታ እንዲከፈት በጨዋ ቋንቋ ማመልከቻ ጽፎ፣ መልሱ ቢዘገይ ደግሞ በመጻፍ ነው፤ ቃለ ጉባኤን ሳያጣምሙ በመያዝ ነው። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ ልጆች በአንድ ክፍል የሚያድሩበት ግቢ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ነው።

እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደወል መደወል እንደ ትልቅ ማዕረግ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን ደዋዩ ከሁሉ ቀድሞ በጨለማና በብርድ መነሣት ነበረበት፤ ስለዚህ ማዕረጉን ወድዶ እንቅልፉንም የሚወድ ልጅ ብዙ አይቈይበትም ነበር። የመሪነት ትርጕም ይኸው ነው።

«ለትምህርቴ ጊዜ ያንሰኛል» የሚል ተማሪ ግማሽ እውነት አለው። ትምህርቱን የጣለ መሪ ለማንም ምሳሌ ሊሆን አይችልምና፣ ወድቆ የሚመራችሁን አትምረጡ። ነገር ግን ያው ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት በወሬና በስልክ እንደሚያልፍ ራሱን ይጠይቅ።

ልጆቼ ሆይ፣ «ልምራችሁ» ብሎ የሚመጣውን በሦስት ነገር መርምሩት። የተቀበለውን ገንዘብ በየሳንቲሙ ያስቈጥራልን? የሚቃወመውን ሰው እስከ መጨረሻው ያናግራልን? ዘመኑ ባለቀበት ቀን ወንበሩን ይለቃልን? ከሦስቱ አንዱ የጐደለው ቢሆን፣ የአገራችሁ ልጅ ቢሆንም፣ ቋንቋችሁን ቢናገርም፣ ድምፃችሁን አትስጡት። ሦስቱም በእናንተ ዘንድ ካሉ ደግሞ «እኔ ምን አገባኝ» አትበሉ፤ ያገባችኋል።

እናንተም ወላጆች፣ ፍርሃታችሁ ፍርሃቴ ነው። ነገር ግን ወንድም ይሁን ሴት፣ ልጃችሁን በምትሸኙበት ቀን «አርፈህ ተማር» በማለት ፈንታ እንዲህ በሉት፦ ተማር፤ ጓደኛህንም አገልግል፤ የሰው ገንዘብ ከያዝህ አስቈጥር፤ በድምፅ ከተበለጥህ ተቀበልና ተቀመጥ፤ ድንጋይ አንሣ ከሚልህ ግን ራቅ።